በእርግብ አምባ ልጅ አይሞትም

ጥሩሸዋን በእርግብ አምባ በስሟ የሚጠሯት ባሏና አማቷ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው «ጥናቷ» ናት።

ነገሩ የመጣው ከእስክሪብቶ ነው። መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ፣ በሳምንት አንድ ቀን በሶና ድርቆሽ እየተላከላት፣ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማረች። ነጥቧ ለመሰናዶ አልበቃ ሲል ተመለሰችና መኳንንትን አገባች። ከዚያ ወዲያ ከከተማ የተነሣ አጥኚ ሁሉ ቀበሌ ደርሶ «መንገድ የሚያሳየኝ፣ የሚጽፍልኝ ሰው ስጡኝ» ባለ ቁጥር የምትጠራው እሷ ሆነች። በዘጠና ሰባት ትርሲት የምትባል ልጅ እግር መምህርት መጣች፤ ልጃገረዶች ትምህርት ለምን እንደሚያቋርጡ ልታጠና። በማግስቱ ዓመት አትናቴዎስ የሚባል መነጽራም የታሪክ ሰው ቴፕ አንግቶ መጣ። በዘጠና ዘጠኝ ደግሞ የጤናዎቹ መጡ። አንዷ የልጆችን ደብተር ገለጠች፣ አንዱ የአያቶችን ስም ቀዳ፣ ሌሎቹ የሕፃን ክንድ ለኩ። ሲጀምሩ ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ «በዚህ ቤት ስንት ናችሁ?» ይላሉ።

«ጥናቷ መጣች፣» ይላሉ እማማ ጌታነሽ ጥሩሸዋን ከሩቅ ሲያዩ። «ያለውንም የሌለውንም ልትቆጥር ነው። ጠቦቶቹን ወደ ጓዳ አስገቡ።»

እማማ ጌታነሽ የመንደሩ አዋላጅ ናቸው። ማንም አላስተማራቸውም፤ ከእናታቸው እጅ አይተው የያዙት ነው። አፋቸው ስለት፣ እጃቸው ጥጥ ነው ይባልላቸዋል።

የታሪኩ ሰው በመጣ ጊዜ በቀጥታ የተወሰደው ወደ ጥሩሸዋ አማት፣ ወደ ቄስ ወልደ ጻድቅ ነበር። በእርግብ አምባ የርስት ሙግት በነበረበት ዘመን የሰው ሁሉ የዘር ሐረግ የሚጠየቀው ከእሳቸው ቤት ነው። ቄሱ የሱፍ ባናቸውን ደርበው መደቡ ላይ ተቀመጡና አምባውን መጀመሪያ ካቀኑት አባት ተነሥተው እስከ ራሳቸው ድረስ አሥራ ሦስት ትውልድ ቆጠሩ። የማንን እናት ማን እንዳገባት፣ ማን በፈንጣጣ እንደሞተ፣ ማን ወደ ግሼ ተሰዶ እንደቀረ፣ ሁሉም አለበት። ቴፑን የያዘችው ጥሩሸዋ ነበረች።

«አባ፣ አንድም አልዘለሉም?» አለ አትናቴዎስ።

«የዘለለ ርስቱን ያጣል፣ ልጄ። በእኛ አገር ያልተቆጠረ አልነበረም ማለት ነው።»

ይህን የሰማች ቀን ጥሩሸዋ እራቷን አልበላችም። መኳንንት ምን ሆንሽ ቢላት፣ ብርድ ነው አለችው።

ጥሩሸዋ ሦስት ወልዳለች። የሚቆጠሩት ግን ሁለት ናቸው። የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ በዘጠና አራት፣ ግንቦት አሥራ አንድ ቀን ተወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። በሐምሌው ጭጋግ ሳል ያዛትና ደረቷ እንደ ወናፍ ይነፋ ጀመር። ልጅ እንዲህ ሲታመም ቀኑ ባይሞላም ቄስ ተጠርቶ ያጠምቀዋል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ቄስ ወልደ ጻድቅ ግን ለዘመድ ቀብር ዓለም ከተማ ወርደው ነበር፤ ሁለተኛው ቄስ ታመው አልጋ ላይ ናቸው። መኳንንት የሚቀጥለው ደብር ቄስ ሊያመጣ ሮጠ፤ ወንዙ ሞልቶ መለሰው። በጭቃ እንደተለወሰ በር ላይ ሲደርስ ልጅቱ አልፋለች። በሰባ አንደኛ ቀኗ።

ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ፍትሐት የለውም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም አይገባም። እማማ ጌታነሽ በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዷትና ከቅጥሩ ውጭ ከጥዱ ሥር ቀበሯት። ለቅሶ የደረሰ ሰው የለም፤ ለእንዲህ ያለው ለቅሶ አይደረስም። «ማርያም ትክስሽ፣ ደጅሽ አይዘጋ» ተባለችና ጥሩሸዋ በሳምንቷ ኩበት መጠፍጠፍ ጀመረች። ወላጆቹ ልጁን ያለ ጥምቀት አስቀርተዋልና ቀኖና አለባቸው። ስለ ልጁ ማውራት ደግሞ ሞቱን ያስደግማል ይባላል። ስም የለውም፣ መታሰቢያ የለውም፣ ስለዚህ አልነበረም። ይህ በቄስ ቤት ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ቄስ ወልደ ጻድቅ ከዓለም ከተማ ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከዚያ ወዲያም አላነሡትም።

እንግዲህ በዘጠና ዘጠኝ የጤናዎቹ ሲመጡ ነገሩ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። መሐል ሜዳ አዳራሽ ውስጥ ለጸሐፊዎቹ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጧቸው። አሠልጣኙ በዕውቀቱ ይባላል፤ ትሑት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው።

«ይኼ ጥናት መደርደሪያ ላይ አይቀርም፣» አላቸው። «የምናጠናው ሁለት ቀበሌ ነው፤ እርግብ አምባና ጥድ ሥር። የሕፃናት ሞት በባሰበት ቀበሌ የማዋለጃ ቤት ይሠራል፤ የተማረች አዋላጅም ትመደባለች። ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው።»

በእርግብ አምባና በጥድ ሥር መካከል ገደል አለ። ከአፋፍ እስከ አፋፍ ብትጮህ ይሰማል፤ በእግር ወርዶ መውጣት ግን ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጥሩሸዋ ይህን ስታስብ የራሷ ትዝ አላት። ያኔ ገደል ሳይወርዱ የምታገኛት አንዲት የተማረች አዋላጅ ብትኖር፣ ያንን የደረት ነገር አይታ አንድ መርፌ ብትወጋላት! ለእሷ አለፈ። ለሚቀጥለው ግን አላለፈም።

ከዚያ በዕውቀቱ ደንቡን ነገራቸው። የተነገራችሁን ብቻ ጻፉ። ከራሳችሁ አትጨምሩ፣ መልስ በሰው አፍ አታስገቡ። የሞተ ልጅ ካለ ስሙን፣ ዕድሜውን ጻፉ። የለም ካሉ ዜሮ ጽፋችሁ እለፉ።

ሻይ ላይ ጥሩሸዋ ቀረብ አለችው። ከኋላዋ ከጥድ ሥር የመጣችው ጸሐፊ፣ አስካለ ማርያም፣ ዳቦ እየቆረሰች ትሰማለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ክርስትና ሳይነሣ የሞተስ?»

«እሱም ልጅ ነው። ይጻፋል።»

«ስም የለውማ።»

«ያለ ስም ይጻፋል። ከነገሩሽ።»

«ባይነግሩኝስ?»

በዕውቀቱ ስኒውን አስቀመጠ። «ያልተነገረሽን ከጻፍሽ እሱ ጥናት አይደለም፣ ጥሩሸዋ። ወሬ ነው።»

ትክክል ነው አለች በልቧ። ተማሪ ቤትም እንዲሁ ነው የተማረችው፤ ያልተጻፈ አይነበብም፣ ያልታየ አይሣልም።

መጀመሪያ የሄደችው እማማ ጌታነሽ ዘንድ ነው። ገብስ እያበጠሩ ደረሰችባቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆጥሪ? አምና ያያቶቼን አጥንት ቆጠርሽ፣ ካቻምና የልጆቼን ደብተር። የቀረኝ ጥርሴ ነው፤ እሱን ቁጠሪና ሂጂ፣ አያደክምሽም።»

«ዛሬ ልጆች ነው፣ እማማ። ስንት ወለዱ?»

«አሁን አንቺ አጥተሽው ነው?»

«ከእርስዎ አፍ ነው የሚጻፈው።»

«ሰባት።»

«በሕይወት ያሉትስ?»

«ሰባት። ክብር ለእሱ።»

«የሞተ ልጅ አለ?»

ሰፌዱ ቆመ። ከጥዱ ሥር የእማማ ጌታነሽም ሁለት እንዳሉ ጥሩሸዋ ታውቃለች። የእሷን ሲቀብሩ «ከእኔዎቹ አጠገብ አድርጌያታለሁ፣ ብቻዋን አይደለችም» ብለዋት ነበር፤ በሕይወታቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው ያነሡት።

«እማማ፣ እነዚያስ?» አለች ቀስ ብላ። ደንቡን እንደጣሰች ታወቃት።

«እነዚያ እነማን?» ሳቁ። «ቄስ ወልደ ጻድቅ አልበቃ ብሏቸው ምራታቸውን ኑዛዜ ያስቀብሏት ጀመር እንዴ?» ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋ። «የለም በይ፣ ልጄ። ለእንግዳ ሰው ወረቀት ኃጢአቴን አልናዘዝም። ሰባት ሰጥቶኝ ሳለ ምስጋና የማታውቅ ሴት አታድርጊኝ።»

«እማማ፣ አዋላጇ የምትመጣው እኮ በዚህ ነው።»

«ሞት እየቆጠሩ የሚመጣ በረከት አላውቅም፣ እቴ። ጻፊ፤ የለም።»

ጥሩሸዋ ዜሮ ጻፈች።

ሰማንያ አራት ቤት ዞረች። በየቤቱ ያው ነው። ልጅ ስንት ነው ሲባል የሚቆጠረው የቆመው ነው። የሞተ አለ ሲባል «እሱ ይመስገን፣ የለም» ይባላል። የሞተ ልጅ ያመኑት አምስት ቤት ብቻ ናቸው፤ አምስቱም ልጆች ክርስትና የተነሡ፣ በስማቸው ፍትሐት የተደረገላቸው ናቸው። ጥሩሸዋ የብዙዎቹን ሆድ ታውቃለች፤ የማንኛዋ ጡት ያለ ልጅ እንደፈሰሰ ታውቃለች። እስክሪብቶዋ ግን የምታውቀውን አይጽፍም፤ የሰማችውን እንጂ። ማታ ማታ ቅጾቹን ደርድራ ስታይ ያ ሁሉ ዜሮ እንደ እንቁላል ተደርድሮ ያፈጥባታል።

የራሷን ቤት ቅጽ እሷ አትሞላም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን አስካለ ማርያም ገደሉን ተሻግራ መጣች። መኳንንት እርሻ ነው። ቄስ ወልደ ጻድቅ መደቡ ላይ ዳዊት ይደግማሉ።

«ስንት ወልደሻል?» አለች አስካለ።

ጥሩሸዋ ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር ያደረችው። ሦስት እላለሁ ብላ ነበር። አማቷን አየቻቸው፤ ሽበታቸውን፣ ዳዊቱ ላይ የሚሄደውን ጣታቸውን። የሰው ሁሉ ነፍስ አባት ናቸው። ይህ ቅጽ ነገ መሐል ሜዳ ሄዶ «በቄስ ቤት ያለ ጥምቀት የሞተች» ቢል፣ ጥዋት የማን ቤት ደጃፍ ቆመው ማንን ይገሥጻሉ?

«ሁለት፣» አለች።

አስካለ ቀና አለች። ሻይ ላይ የሰማችውን አልረሳችም። «ሁለት ልበል?»

«ሁለት በይ።»

«የሞተ?»

«የለም።»

የቄሱ ጣት ቃሉ ላይ ቆሞ ነበር። ከጥቂት በኋላ ቀጠለ።

ውጤቱ የመጣው በሁለት ሺህ አንድ ነው። በዕውቀቱ ዶክተር ሆኖ፣ የተጠረዘ መጽሐፍ ይዞ፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡን ሰብስቦ አነበበ። በእርግብ አምባ የሕፃናት ሞት በእጅጉ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ለምን? ጥናቱ ምክንያቱንም አግኝቶታል፤ አራስ በቂ ዕረፍት ታገኛለች፣ አጃ ትጠጣለች፣ ገንፎ በቅቤ ትበላለች፣ የልምድ አዋላጇም እጀ መልካም ናት። የእርግብ አምባ እናቶች ለሌላው ቀበሌ አርአያ ናቸው።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እማማ ጌታነሽ ተነሥተው እጅ ነሡ። «በቅቤያችን ተመሰገንን፣» አሉ ሲቀመጡ። «ዘንድሮ ቅቤ ያየ ሰው ካለ።»

አዋላጇ ጥድ ሥር ተመደበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሩሸዋ አስካለ ማርያምን መሐል ሜዳ ገበያ አገኘቻት። ጥጉ ላይ ቆመው ተሳሳሙ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ፣» አለች ጥሩሸዋ። «እናንተ ጋ እንዴት ተናገሩ? የእኛዎቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሸኙኝ።»

አስካለ ሳቀች። «ማን ይናገራል፣ እቴ? የእኛም የለም ነው ያሉት። ያወቅኩትን ጻፍኩ እንጂ። ቅጹ ስም አምጪ ሲለኝ ስም ሰጠኋቸው፤ ማሙሽ፣ ማሚቱ፣ አንዱን በወንድሜ ስም ጠራሁት።»

«ደንቡስ?»

«ደንቡን አብረን ሰማነው፣ ጥሩዬ። ደንቡ ጥድ ሥርን አያውቃትም። እኔ አውቃታለሁ።» ከዚያ ፊቷ ለስለስ አለ። «ያንቺንም ልጽፍልሽ ነበር። ዓይንሽን አይቼ ተውኩት።»

ጥሩሸዋ ጨውና በርበሬዋን ይዛ የገበያውን መንገድ ብቻዋን ተመለሰች። እውነቱን የጻፈችው የዋሸችዋ ናት፤ ሐሰቱን የጻፈችው የታመነችዋ። ይህን የትኛው ክፍል ላይ ነበር ያስተማሩኝ? እያለች።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የእማማ ጌታነሽን ልጅ ዓለሚቱን ምጥ ያዛት። ሕፃኑ በእግሩ መጣ። እማማ ጌታነሽ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ታግለው፣ በስተመጨረሻ እጃቸውን ታጥበው ወጡና «ጥድ ሥር ውሰዷት» አሉ፤ ከዚያ በፊት ይህን ሲሉ የሰማ ሰው የለም። በቃሬዛ ገደሉን ወረዱ። ከታች ጅረቱ ዳር ሲደርሱ ሕፃኑ ወጣ፤ አልተነፈሰም። ዓለሚቱ በአዋላጇ እጅ ተረፈች። ሕፃኑን ግን እማማ ጌታነሽ በነጠላቸው ይዘውት ተመልሰው ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው ጥድ ሄዱ።

ጥሩሸዋ ተከተለቻቸው። አፈሩን ሲመልሱ አጠገባቸው ቆመች። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

«ሰባት አይደለም፣» አሉ። «ዘጠኝ ነው የወለድኩት። ዘጠኝ ጻፊ።»

«አሁን ማን ይቀበለናል፣ እማማ?»

«አላውቅም። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ መሐል ሜዳ ወጥታ ለዶክተር በዕውቀቱ ስልክ ደወለች። የጻፈችው ሁሉ ትክክል እንዳልሆነ፣ የራሷ ቤትም እንደተሳሳተ፣ አሁን ሴቶቹ ሊናገሩ እንደሚችሉ ነገረችው። እሱ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«መረጃው ተዘግቷል፣ ጥሩሸዋ። ታትሟል። ያኔ ነበር መናገር።»

«ጠይቄዎት ነበር እኮ። ሻይ ላይ።»

«አስታውሳለሁ። መልሼልሻለሁም።»

ሁለቱም እውነት ነው። ስልኩን ዘጋች።

በሁለት ሺህ ሁለት ጥቅምት ላይ ትርሲት እንደገና መጣች። ድሮ ልጃገረዶቹን ያጠናችው ዘንድሮ እናቶቹን ልትጠይቅ፤ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ ስንቱ እንደሚማር። ትንሽ ወፍራለች፣ ከእርግብ አምባ ብርድ ጋር ግን ዛሬም አልታረቀችም። ቄስ ወልደ ጻድቅ መደቡ ላይ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚሉት፤ መጽሐፉ ግን ጉልበታቸው ላይ ይከፈታል።

«ሌላው ቤት ከመሄዳችን በፊት ካንቺ ልጀምር፣» አለች ትርሲት እጇን እያፋተገች። «ስንት ልጆች አሉሽ?»

«ሦስት ወለድኩ።»

«ሁለት መስሎኝ። ሁለቱን በር ላይ አየኋቸው። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው?»

«ሴት ናት። ሞታለች።»

ትርሲት እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣች። «አዝናለሁ፣ ጥሩዬ። አላወቅሁም። ግን የእኔ ቅጽ የሚጠይቀው በሕይወት ስላሉት ብቻ ነው። ለሞተ ልጅ ቦታ የለውም።»

«ገባኝ። አንቺ ስንት ነው ስትዪኝ ሁለት ማለት አቃተኝ እንጂ።»

ትርሲት ወረቀቱንም እሷንም አየች። «ስሟ ማን ነበር?» አለች፣ ለቅጹ ሳይሆን እንዲሁ።

«ክርስትና አልተነሣችም። እኔ ሳጠባት ኮከብ እላት ነበር።»

ይህን ስትል ወደ መደቡ አላየችም፤ ፈርታ ነው። ዳዊቱ ሲታጠፍ ሰማች።

«ግንቦት አሥራ አንድ ተወለደች፣» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ። አምባውን ያቀኑትን አባት በጠሩበት በዚያው ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ አንድም የማይዘል። «በዘጠና አራት። አረፈች ሐምሌ ሃያ ሁለት፣ የማርያም ማግስት፣ ሰኞ ቀን፣ በስድስት ሰዓት። እኔ ዓለም ከተማ ነበርኩ። ሰማንያዋ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር።»

ጥሩሸዋ ሰዓቱን ለሰው ነግራ አታውቅም። መኳንንትን ጠይቀው ይሆናል፤ ወይም እማማ ጌታነሽን። መቼ ጠየቁ? ለሰባት ዓመት ይህን በልባቸው ይዘው ከእሷ ጋር አንድ ቤት ሲኖሩ፣ እሷ ደግሞ ለእሳቸው ክብር ብላ ሁለት ስትል።

«አባ፣» አለች።

«ያኔ ያቺ ከጥድ ሥር የመጣችው ጸሐፊ ስትጠይቅሽ ሦስት ትያለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር፣» አሉ። «አላልሽም። እኔም አፍ አልነበረኝም።»

ውጭ ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ይሰማል። ትርሲት ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ ሣጥን በሣጥን ነው፣ ሁሉም የራሱ ጥያቄ አለው።

«የት ልጻፈው?» አለች።

«ገልብጪው፣» አለች ጥሩሸዋ።

ትርሲት ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነበር።